ትምህርት አልገባ ያለው ሕፃን፣ የዜማ አባት የሆነው ቅዱስ ያሬድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ዐቢይ ጾም እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አንድ ነገር አስተውላችኋል? ከበሮው ዝም ብሏል፤ ጸናጽሉም ዐርፏል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በድምፃቸው ብቻ ያዜማሉ። በበዓል ቀን በከበሮና በእልልታ ተሸፍኖ የሚያልፈን ዜማ አሁን እርቃኑን ቆሞ ይሰማል። አንዳንዶቻችሁ ይህንኑ ሰምታችሁ ወደ ወሰን፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ካራ ስትመለሱ በመንገድ ላይ ታንጎራጉራላችሁ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ስትደርሱ ግን ይጠፋባችኋል። እቤት ገብታችሁ ስትሞክሩት ጭራሹን ሌላ ነገር ይሆናል። ያን ጊዜ ድምፅ ለእናንተ እንዳልተሰጠ ቈጥራችሁ ትተዉታላችሁ። መሪጌታ ቤት ድረስ እያስመጡ መማር ደግሞ ከመካከላችን ስንቱ ይችላል? ጊዜውስ የት አለ? ከሥራ ወጥቶ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፎ ለሚመጣ ሰው ነገሩ ከባድ ነው። ስለዚህ በዚህ ጾም ዜማውን የሰጠን አባት እርሱ ራሱ እንዴት እንደተማረ እናስብ፤ ታሪኩን የምናውቀው ቢመስለንም።

ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ተወለደ። ቤተ ክርስቲያናችን ልደቱን ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ትላለች። አባቱ አብዩድ፣ እናቱ ታውክልያ ይባላሉ። አባቱ ያሬድ ገና ሕፃን ሳለ ዐረፈ። እናቱ ብቻዋን ማሳደጉ ቢከብዳት በአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። እንግዲህ ይህ ሕፃን የመምህር ዘመድ ነው፤ የሚኖረውም በመምህር ቤት ነው። ከእኛ ይልቅ ሁሉ ነገር የተመቻቸለት ይመስላል። ትምህርቱ ግን አልገባ አለው። ባልንጀሮቹ መዝሙረ ዳዊትን ደግመው ሲያልፉ እርሱ የትናንቱን ይረሳዋል። ይስቁበት ነበር። አጎቱም ይገርፈው ነበር። ጅራፉ ግን ያልገባውን አላስገባለትም።

በመጨረሻ ጠፋ። እንደ ማንኛውም የተገረፈ ልጅ ከአክሱም ወጥቶ ወደ ሌላ ዘመዱ አገር መንገድ ጀመረ። ማይ ኪራሕ በሚባለው ስፍራ ደከመውና ከምንጩ አጠገብ ባለ ዛፍ ሥር ዐረፍ አለ። እዚያ አንዲት ትል ዛፉን ስትወጣ አየ። ጥቂት ትወጣለች፣ ትወድቃለች። እንደገና ትጀምራለች፣ ከግማሹ ትወድቃለች። አባቶች ሲተርኩት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከላይ ደረሰችና የዛፉን ፍሬ በላች ይላሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ስለሰማነው ቶሎ እናልፈዋለን። ትሏ ምን አደረገች? በወደቀች ቍጥር ሌላ ዛፍ አልፈለገችም። የወጣችበት መንገድም ያው ነው። እኛ ግን ዜማ ሲከብደን መዝሙሩን እንለውጣለን፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን፣ የትኛውንም ሳንጨርስ። የእንጦጦን ዳገት በየቀኑ ይወጡ የነበሩትን እንጨት ተሸካሚ እናቶቻችንን ጠይቁ። ያው ዳገት፣ ያው አቀበት ነው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ግን ከዚያው ነው።

ያሬድም ተነሣና ተመለሰ። ወዴት? ወደ ገረፈው መምህር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። ትሏን አይቶ ከዛፉ ሥር ለብቻው መማር አልጀመረም። አጎቱን ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ትምህርቱን ያዘ። እግዚአብሔርም አእምሮውን ከፈተለት። መዝሙረ ዳዊትን፣ ብሉይና ሐዲስን ተማረ፣ ዲቁናም ተቀበለ። አጎቱ ሲያርፍ ገና በ14 ዓመቱ በወንበሩ ተተካ ይባላል።

እስከዚያ ድረስ ዜማ የለም፤ ያለው ንባብ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ትውፊቱ እንዲህ ይነግረናል፦ ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍ ተልከው በሰው አንደበት አናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተወሰደ፤ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ሰማ። ያዜመው ከሰማ በኋላ ነው። ተመልሶም በአክሱም ጽዮን ቆሞ በታላቅ ድምፅ ሲያዜም ንጉሡም ካህናቱም ሕዝቡም ሲያዳምጡት ዋሉ። ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የእርሱ ናቸው። ሊቃውንቱ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት አምስቱ መጻሕፍትም የእርሱ ድርሰቶች ናቸው።

ይህ እኛን ምን ያገባናል ትሉ ይሆናል። እኛ ወደ ሰማይ አልተወሰድንም። ቢሆንም በአብነት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት የእርሱን መንገድ የተከተለ ነው፦ ንባብ ይቀድማል፤ ቀጥሎ መስማት፤ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን በቤታችን ስንሞክር ከመጨረሻው እንጀምራለን። በየቤታችሁ ውዳሴ ማርያም አለ አይደል? ድርሰቱ የሶርያዊው የቅዱስ ኤፍሬም ነው፤ የምናዜምበት ዜማ ግን ያሬዳዊ ነው። የዕለቱን አንድ ክፍል ያዙ። ሳታዜሙ አንብቡት። የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ፣ ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ ሳይለይ የገባ ዜማ የተሰበረ ሸክላ ማለት ነው። ከዚያ ስሙት፤ በቴፕም ይሁን በስልክ፣ አንዷን ሐረግ ብቻ፣ ደጋግማችሁ። አፋችሁን ዘግታችሁ በጉሮሯችሁ አንጎራጉሩት። ድምፃችሁን ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ካህኑ በጀመሩበት ከፍታ ሳይሆን ለእናንተ በሚመቻችሁ። በጾም ጉሮሮ ይደርቃልና ከሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ አትጩኹ፤ ማታ ከተመገባችሁ በኋላ በለሆሳስ ይሻላል። የኪራይ ቤት ግድግዳም ስስ ነው፤ ጎረቤትም ይተኛ።

በስልካችሁ የራሳችሁን ድምፅ ቀድታችሁ ብትሰሙት መጀመሪያ ታፍራላችሁ። ይሁን። እፍረቱ ያልፋል፤ ስሕተቱ ግን ተለይቶ ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን አይሳሳትባችሁ። እኔ ራሴ በልጅነቴ አንድ መዝሙር ከካሴት ተማርኩ። ካሴቱ ላልቶ ኖሮ አንዱን ቦታ እየጎተተ ይዘምር ነበር፤ እኔም እንደጎተተው ያዝኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በኩራት እየጎተትኩ ስዘምር ቆይቼ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የኔታ ጠርተው አረሙኝ። ለመማር ሁለት ቀን የፈጀብኝን ለመርሳት ብዙ ወር ፈጀብኝ። ካሴትም ስልክም ያሰማል እንጂ አይሰማም። ያሬድ ወደ ጌዴዎን የተመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በሳምንቱ የያዛችሁትን አንዷን ሐረግ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ዲያቆን ወይም ለአንድ የኔታ አሰሙ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ድፍረት ብቻ ነው።

በድጓው መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች አይታችሁ ይሆናል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ምልክቱን በማደራጀት ስማቸው የሚነሣው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው፤ ዘመኑም የዐፄ ገላውዴዎስ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስማቸው ራሱ ያስተምራል፦ ይዘት ድምፅን ያዝ ማድረግ፣ ቁርጥ መቍረጥ፣ ርክርክ ማንቀጥቀጥ ነው። አባቶች ደግሞ ከጌታ ሕማም ጋር ያመሳጥሯቸዋል፤ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ነው ይላሉ። በጾም ወራት ይህን እያሰቡ ምልክቱን መከተል ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ የዚህ ጾም የሳምንታት ስሞች ከየት እንደመጡ ታውቃላችሁ? ከዘወረደ ጀምሮ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና እያልን የምንቈጥረው ቅዱስ ያሬድ ለየእሑዱ በደረሰው መዝሙር ነው። በአንድ ሳምንት ያንን የእሑዱን መዝሙር፣ ከእርሱም አንዲት ሐረግ ብቻ የያዘ ሰው ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ ስምንት ሐረግ ይዟል። ትንሽ ነው፤ የትሏም እርምጃ ትንሽ ነበር።

በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የሆነውንም ሰምታችኋል። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። አንዱም አላወቀም፤ ዜማው ሲፈጸም ነው የተገነዘቡት። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቀው ቃል ገባለት። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከከተማው ወጥቶ በምናኔ እንዲኖር እንዲፈቅድለት ለመነ። ንጉሡ በቃሉ ታስሮ እያዘነ አሰናበተው።

ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጸለምት ሄደ። በዚያ ብርድ አገር በጾምና በጸሎት ተወስኖ ደቀ መዛሙርትን ዜማ እያስተማረ ኖረ። እንደ ሌሎች ቅዱሳን መቃብሩ ይህ ነው ተብሎ አይታይም፤ ተሰወረ ነው የሚባለው። የተሰወረበትን ግንቦት 11 ቀንን እናከብራለን። ከበሮውም ጸናጽሉም ከነእልልታው በትንሣኤ ይመለሳል፤ እስከዚያው ግን በየካ ሚካኤልም በእንጦጦ ማርያምም የምትሰሙት ያው ባዶ ድምፅ ነው፣ ለጆሮ የቀረበ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።