ትልቁ ጥይትና ትንሹ ጥይት
ጆን ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1855 አሜሪካ፣ ዩታ ተወለደ። አባቱ ጠመንጃ ሠሪ ስለነበር ያደገው እዚያው ሥራ ቤት ውስጥ ነው። የአሜሪካ ጦር ፊሊፒንስ ላይ የያዘው ሽጉጥ ጠላትን አላስቆም ቢለው ወፍራም ጥይት ፈለገ። ብራውኒንግም አረሩ 15 ግራም ገደማ የሚመዝን ባለ 11.43 ሚሊሜትር ጥይት ሠራ፤ ሽጉጡን ጦሩ በ1911 ታጠቀው።

ለኪስ የሠራው ግን ቀለል ያለ ነበር፤ የአረሩ ክብደት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በ1914 ሳራዬቮ ላይ አልጋ ወራሹን ፈርዲናንድንና ባለቤቱን ሶፊን የገደለው ይኸው ትንሹ ነው። አንዱ ጥይት አንገት፣ ሌላው ሆድ ላይ አረፈ፤ የዓለም ጦርነትም ተከተለ።

ብራውኒንግ በ1926 ቤልጂየም ውስጥ ሥራው ላይ እንዳለ ሞተ። የቱ ካሊበር ይበልጣል እያላችሁ የምትከራከሩ ልጆች፣ ከጥይቱ ውፍረት በፊት ያረፈበትን ቦታ ጠይቁ።