ቫቪሎቭና የኛ ስንዴ

መጋላ ስላደግሁ የጅቡቲ ባቡር ወሬ አዲሴ አይደለም። በዚሁ ባቡር የዕፅዋት ሊቁ ኒኮላይ ቫቪሎቭ መምጣቱን ግን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለደ። የሰብሎችን መነሻ ፍለጋ ብዙ አገር ዞረ። በ1927 እኛ ጋ ሲመጣ የዱረም ስንዴያችን ዓይነት መብዛት አስደነቀው፤ በሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙናም ሰበሰበ። ዝርያ የሚለየው በዓይኑ ነበር፤ የፍሬውን ቀለም፣ የዛላውን ቅርጽ እያየ። በስታሊን ዘመን፣ በ1940 ታሰረ። ለሰው ልጅ እህል ሲያስስ የኖረው ሰው በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ።

ዛሬ የምንማረው የዲኤንኤ ማርከር ዓይን የማያየውን ልዩነት ያወጣል፤ የነባር ስንዴያችንን ሀብትም አሳይቷል። ነገር ግን ማርከር ያለውን ይለካል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ ከላቦራቶሪው በፊት የገበሬው ዘር ይጠበቅ እላለሁ።