ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በሰንሰለት ውስጥ ያልጠፋ ብርሃን

ሰው በሕይወት ዘመኑ ሁልጊዜ ብርሃን አይገጥመውም። ሕመም፣ የቤተ ሰብ ኀዘን፣ የኑሮ ችግር፣ ከሁሉም በላይ መልስ ያላገኘ የሚመስል ጸሎት ልብን ያጨልማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙዎቻችን፣ እግዚአብሔር ጨለማውን ወዲያው ካላራቀልን ከእኛ ጋር እንዳልሆነ አድርገን እናስባለን። የአገራችን ልጅ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ግን ሌላ ያስተምረናል።

አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። የቀረችላቸው አንዲት ዓይን ግን ለመጻሕፍት ፍቅራቸው በቃች። በመርጡለ ማርያም ገዳም መንኵሰው በትምህርታቸው ጥልቀት ስማቸው ታወቀ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። መሳፍንቱ ስለ ሥልጣን ይዋጉ ነበር፤ ሊቃውንቱም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው ክርክር ተከፋፍለው ነበር። አባ ገብረ ሚካኤልን ይልቁንም ያሳዘናቸው የምንኵስናው ሥርዓት መላላት ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ የጥንት መጻሕፍትን መረመሩ። ነፍሳቸው ግን አላረፈችም፤ ስለዚህም እስከ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ቈረጡ።

መንገዱ የተከፈተው በ1841 ነው። ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ መልእክተኞችን ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ተጓዙ። በዚያ ጉዞ ጣልያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ እያለ የሚጠራቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል መጀመሪያ ላይ ይህን ባዕድ ካህን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱ ነበር። ነገር ግን ከካይሮ ወደ ሮም፣ ከሮምም ወደ ኢየሩሳሌም በተደረገው ጉዞ የካህኑን ትሕትናና ጸሎት በቅርብ አዩ።

ያም ሆኖ ለውሳኔ አልቸኰሉም። ከረጅም ማሰላሰልና ጸሎት በኋላ በ1844፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ። ከዚያም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ለሕዝቡ የሚስማማ ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ ወጣቶችንም ለክህነት አስተማሩ። በ1851 በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ።

ከባዱ ጨለማ የመጣው ብርሃኑን አገኘሁ ካሉ በኋላ ነው። በ1854 ከአቡነ ያዕቆብና ከጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር በጎንደር ተያዙ። ያን ጊዜ ደጃዝማች ካሳ አገሪቱን በአንድ ዘውድና በአንድ ሃይማኖት ሥር ለማድረግ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ነበር። የእስረኞቹ እግር በተፈለፈለ ግንድ ውስጥ ገብቶ ተቈለፈ። አቡነ ያዕቆብ ከእነርሱ ተለይተው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል መንፈሳዊ አባታቸውን አጥተው በእስር ቀሩ። እምነታቸውን እንዲተዉ ደጋግመው ተጠየቁ፤ አልተዉም።

በ1855 ካሳ አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ሽማግሌው መነኵሴ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር እንዲጓዙ ተደረገ። በቀጭኔ ጭራ ክፉኛ ተገረፉ፤ ዱላው በደኅናዪቱ ዓይናቸው ላይ እንዲያርፍ እንደ ተደረገም የሕይወት ታሪካቸው ይተርካል። ሞቱ ሲባሉ በሕይወት ስለ ተገኙ ወታደሮቹ ተደንቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ሰየሟቸው ይባላል። በኋላ ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቈንስል ፕላውደን ስለ ማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሠፈሩ ኮሌራ በገባበት ጊዜ፣ በድካምና በሕመም ተዳክመው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1855 በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ።

ውድ ምእመናን፣ በዚህ ታሪክ የእስር ቤቱን በር የከፈተ መልአክ አናይም። በሩ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ነበር። የተሰጣቸው መጽናናት በጨለማው ውስጥ ሳሉ የሚያዩትን እውነት አለመርሳት ነው። ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት የፈለጉት ብርሃን በልባቸው ሥር ሰዶ ስለ ነበር፣ ግርፋት ሊያጠፋው አልቻለም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከዚህ የምንማረው አለ። ኀዘንተኛ ቤት ስንገባ፣ በሽተኛ ስንጠይቅ፣ መከራው ነገ ያልፋል ብለን የማናውቀውን ተስፋ አንስጥ። ይልቁንስ አብረን እንቀመጥ፤ አብረን እንጸልይ፤ እግዚአብሔር በጨለማውም ውስጥ ከእነርሱ ጋር መሆኑን በመገኘታችን እንመስክር። በደኅና ቀን በጸሎትና በንባብ ያላከማቸነውን ብርሃን በመከራ ቀን በድንገት ማግኘት ያስቸግራልና፣ ልጆቻችንን ከአሁኑ እናስተምር።

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።