ጋምቤላን ያስመለሰው ውልና ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ

አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ተሰጠ። ቡናችን በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም የሚወርድባት ጋምቤላ በሱዳን መንግሥት ትተዳደር ጀመር። ነገር ግን ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር።

ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን አክሊሉ ሀብተወልድ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. ተወልደው በእስክንድርያ ከተማሩ በኋላ በፓሪስ ሕግ ያጠኑ፣ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። ጋምቤላም ያለ ጥይት ተመለሰች።

በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዕድሜያቸውን በውልና በሕግ ሥራ ያሳለፉት ምሁር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ በደርግ ተረሸኑ። ለአገር መሬት በሕግ የተሟገተ ሰው ለራሱ ችሎት ተነፈገ፤ ከዚህ የከፋ ምን ግፍ አለ?