ሆሬስ ማን፥ የሕዝብ ትምህርት ቤት አባት

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ስናከብር፥ ትምህርት ቤት ለምን ይሠራል ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን እንጀራ ለማግኘት ነው ብለን እንመልሳለን። ከዚህ የሰፋ መልስ የሰጠ አንድ ሰው ስላለ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሆሬስ ማን በ1796 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ፍራንክሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ13 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። የእርሻው ሥራ ስለሚይዘው በዓመት ውስጥ ከ10 ሳምንት የበለጠ አይማርም ነበር፤ የመጽሐፍ መግዣውንም ለባርኔጣ የሚሆን ገለባ እየጐነጐነ ያገኝ ነበር። ሆኖም አንድ ዕድል ገጠመው። የከተማዋ ሰዎች ከተማቸውን በታላቁ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ስለ ሰየሙ ደወል እንዲሰጣቸው ቢለምኑት፥ በደወል ፈንታ መጻሕፍት ላከላቸው። ሆሬስ እነዚህን መጻሕፍት እያነበበ አደገ። የደወል ድምፅ ተሰምቶ ያልፋል፤ እነዚያ መጻሕፍት ግን ሰው አፈሩ።

በ1819 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጠበቃ ሆነ፤ ቈይቶም የግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። በ1837 ግን ይህን ሁሉ ትቶ፥ ገቢው ያነሰውን የትምህርት ቦርድ ጸሐፊነት ተቀበለ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ሕዝብ በድምፁ በሚያስተዳድርበት አገር፥ ማንበብና ማመዛዘን የማይችል መራጭ የአፈ ጮሌ መጫወቻ ይሆናል። ስለዚህ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጦ፥ ከሕዝብ በሚሰበሰብ ግብር መማር አለበት ብሎ ተነሣ።

በፈረስ እየዞረ ትምህርት ቤቶቹን ጐበኘ፤ ያየውንም በ12 ዓመታዊ ሪፖርቶች ለሕዝብ አስታወቀ። በ1839 በሌክሲንግተን የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፈት፥ በመጀመሪያው ቀን የመጡት ሦስት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ፤ እሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። አንድ ጊዜም ፒትስፊልድ ላይ የመምህራን ስብሰባ የሚደረግበት ቤት ሳይጠረግ ቢያገኘው፥ ከግዛቱ ገዥ ጋራ መጥረጊያ ይዘው ጠረጉት።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በአለንጋ ምክንያት ነው። በዱላ ብቻ የሚገዛ ልጅ ሲያድግ ራሱን በራሱ መግዛት አይችልም ብሎ ቢያስተምር፥ በ1844 በቦስተን 31 መምህራን በጽሑፍ ተቃወሙት። እሱም በጽሑፍ መለሰላቸው፤ ነገሩም በሰላማዊ ክርክር ተካሄደ።

ያስተማረው ሁሉ በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም። በዚያ ዘመን ሴቶች አይመርጡም ነበር፤ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍልም ባሪያን ፊደል ማስቈጠር በብዙ ስፍራ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ሆሬስ በ1848 የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ባርነትን ተቃወመ። በ1852 ማሳቹሴትስ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ በሕግ አስገደደች። እሱም ከ1853 ጀምሮ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚማሩበትን የአንቲኦክን ኮሌጅ መርቶ፥ በ1859 ዐረፈ።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ የክፍል አለቃ ስንመርጥ ለጓደኝነት ሳይሆን ለሥራው የሚስማማውን እንምረጥ። በክርክር ጊዜም የተቃራኒያችንን ቃል እስከ መጨረሻው እንስማ። ዛሬ በክፍላችን ያልለመድነውን ነገ በአገራችን ልንሠራው አንችልምና።