አንድ ፕሮግራም ለብዙ ማሽን፦ የአድሚራል ግሬስ ሆፐር ሕይወት



በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሚሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ አልከፈት የሚለው ስለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ደጋግመን እንሰማለን። መልሱን ለመረዳት የአንዲት የሂሳብ መምህርትን ሕይወት ማወቅ ይጠቅማልና በዚህ መጽሔት ስለ ግሬስ ሆፐር ልንጽፍ ወደድን።

ግሬስ ሆፐር የተወለዱት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈታቱ። እናታቸውም ከዚያ ወዲያ አንዱን ብቻ እንዲነኩ ፈቀዱላቸው። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሂሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ በ1934 ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በቫሳርም ሂሳብ ያስተምሩ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ባሕር ኃይል ለመግባት አመለከቱ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ክብደታቸውም ከሚፈለገው በ7 ኪሎ ገደማ ያንሳል ተባሉ። ተስፋ ሳይቆርጡ ልዩ ፈቃድ ጠይቀው በ1943 ገቡ። በ1944 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ ከተባለው፣ ርዝመቱ ከ15 ሜትር ከሚበልጠው ማሽን ጋር ተመደቡ።

በዚያን ጊዜ ፕሮግራም የሚጻፈው ማሽኑ በሚያውቀው የቁጥር ኮድ ነበር። ሠራተኞቹ ቀድሞ የተሠራውን ስሌት ከደብተር ወደ ደብተር ሲገለብጡ ብዙ ስሕተት ይገባ ነበር። ግሬስ ሆፐር ይህን የመገልበጥ ሥራ ማሽኑ ራሱ እንዲሠራው አሰቡ። በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ሠሩና ኮምፓይለር ብለው ጠሩት። ኮምፒውተር ከመደመርና ከመቀነስ ሌላ አይችልም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ስለነበሩ ሥራውን የሚቀበል ሰው ለማግኘት ጊዜ ፈጀባቸው።

ቀጥለውም በቁጥር ፋንታ በቃላት የሚታዘዝ ፕሮግራም አቀረቡ። ያው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም እንደሚሠራ ሲያሳዩ አለቆቻቸው ደነገጡ። ለማሽኑ ግን ሁሉም ቃል ምልክት ነው፤ ምልክቱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይር ኮምፓይለር ካለ ቋንቋው አይገድም። አማርኛንና ዐረብኛን እያቀያየሩ የሚናገሩ የገዳሪፍ ልጆቻችን ይህን ለመረዳት የሚቸገሩ አይመስለንም።

ከዚህ ሥራ ፍሎውማቲክ የተባለው ቋንቋ ወጣ። በ1959 ብዙ ባለሙያዎች ተሰብስበው ኮቦልን ሲቀርጹ ዋናው መሠረታቸው እርሱ ነበር። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በጥቂት ለውጥ ብቻ በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች፣ በአርሲኤ 501 እና በዩኒቫክ ሁለት ላይ ሠራ። ለእያንዳንዱ ማሽን ከሥር ጀምሮ አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ግድ እንዳልሆነ በዚህ ተረጋገጠ።

ዛሬም ሥራው አላለቀም። አብዛኛው የእጅ ስልክ ኤአርኤም በተባለ የፕሮሰሰር ዓይነት ይሠራል፤ ብዙው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ደግሞ በኢንቴል ወይም በኤኤምዲ። የአንዱን ትእዛዝ ሌላው አያውቀውም። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚገነባ ሰው ለኮምፓይለሩ ፍላግ የሚባሉ ምርጫዎችን ይሰጣል። ማርች የተባለው ፍላግ ኮምፓይለሩ የየትኛውን ፕሮሰሰር ትእዛዞች መጠቀም እንደሚችል ይወስናል። ቲዩን የተባለው ግን ለአንዱ ፕሮሰሰር እንዲስማማ አድርጎ ያስተካክላል እንጂ ሌሎቹን አይዘጋም። ኔቲቭ ከተባለ ኮምፓይለሩ የገንቢውን የራሱን ማሽን ብቻ ይመለከታል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ኤቪኤክስ 2 የተባሉት ትእዛዞች በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የመጡት በ2013 ነው። በእነርሱ የተገነባ ፕሮግራም በ2010 በተሠራ ኮምፒውተር ላይ የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አስፋልቱን ብቻ አይቶ የጫነ ሾፌር ክረምት ሲገባ በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ውስጥ እንደሚቀረው ነው። በእኛ አካባቢ ኮምፒውተር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ የፍላግ ምርጫ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ልጅ ይማርበታል፣ የትኛው ይቀራል የሚለውንም ይወስናል። አስተዋይ ገንቢ ሁሉም ማሽን በሚያውቀው ይጀምራል፤ ፈጣኑን ክፍል ለብቻው አዘጋጅቶ ፕሮግራሙ ሲነሣ ማሽኑን አይቶ እንዲመርጥ ያደርጋል።

ግሬስ ሆፐርም ለዚህ ዓላማ ደክመዋል። በ1966 ጡረታ ወጥተው ነበር፤ በ1967 ለ6 ወር ተብለው ተጠሩና ብዙ ዓመት ቆዩ። በባሕር ኃይል የሚገዙት የኮቦል ኮምፓይለሮች እንደየኩባንያው ይለያዩ ስለነበር ሁሉም አንዱን ደንብ መከተላቸውን የሚመረምሩ ፈተናዎች አዘጋጁ። ከማስተማርም አልተለዩም። ኤሌክትሪክ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ሊሄድ የሚችለውን ርቀት ለማሳየት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሽቦ ቆርጠው ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር። በ1986 በ79 ዓመታቸው በአድሚራልነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዐረፉና በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ2016 የፕሬዝዳንቱ የነጻነት ሜዳሊያ ተሰጣቸው።

ልጆቻችን፤ ከእናንተ መካከል ነገ ፕሮግራም የሚጽፉ እንደሚወጡ እናምናለን። ያን ጊዜ በፊታችሁ ያለውን አዲስ ማሽን ብቻ ሳይሆን በመተማም ሆነ በገላባት አሮጌውን ይዞ የተቀመጠውን ተማሪ አስቡ። ወላጆችም ሴት ልጆቻችሁ የተበላሸ ነገር ፈትተው ሲያዩ አትቆጡ፤ አንዱን ሰዓት ተዉላቸው።