ብሪጁ የእሱ ያልሆነው ዊትስቶን

ለዚህ ለመገናኛ መጽሔታችን አንድ ነገር ጻፍ ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ካፌው፣ ስለ ዶርሙና ስለ ፈተናው ነበር። ግን እሱን ከእኔ አሳምረው የሚያወሩ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። ስለዚህ የምናውቀው እየመሰለን ስለማናውቀው አንድ ሰው ላውጋችሁ። አራት ኪሎም ሆነ አምስት ኪሎ ላብ የገባ ሰው ስሙን አይረሳውም፤ ዊትስቶን። አዎ፣ ያ የዊትስቶን ብሪጅ። አራት ሬዚስተር በአልማዝ ቅርጽ ይታሰራል፣ መሀሉ ላይ ጋልቫኖሜትር ይገባል፣ መርፌው ዜሮ ላይ እስኪቆም ይስተካከላል። አንዱ ቁልፉን ይጫናል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ ሦስተኛው የሌላውን ግሩፕ ውጤት ለማየት ሹልክ ይላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ብሪጁን አልፈለሰፈውም። የፈለሰፈው ሌላ ነው፤ እኔ ከተመረቅሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንጀራ የበላሁበት መሣሪያ። ይህን ያወቅሁት ፀጉሬ ከሸበተ ወዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ዊትስቶን በ1802 በእንግሊዝ አገር፣ ግሎስተር ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከነበረው አጎቱ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተሰጠ። ልጁ ግን ልቡ መጽሐፍ ላይ ነበር። ስለ ቮልታ የኤሌክትሪክ ሙከራ የሚናገር መጽሐፍ ገዝቶ ባትሪ ለመሥራት ሲነሣ፣ ለመዳብ ሰሌዳ መግዣ ሳንቲም ሲያጠራቅም ሳንቲሞቹ ራሳቸው መዳብ መሆናቸው ትዝ አለውና በእነሱ ሠራው ይባላል።

በ1821 ከጣሪያ በዘንግ የተንጠለጠለ በገና መሰል መሣሪያ ለሕዝብ አሳየ። ማንም ሳይነካው ሙዚቃ ይሰማበታል። ምሥጢሩ ሌላ ክፍል ውስጥ የሚመታው መሣሪያ ድምፅ በዘንጉ በኩል እየተላለፈ መምጣቱ ነበር። ኮንሰርቲና የምትባለውም የአኮርዲዮን ታናሽ እህት የእሱ ሥራ ናት። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ፣ በ1834 የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ፕሮፌሰር ሆነ።

ችግሩ ዓይን አፋርነቱ ነበር። ከሁለት ሦስት ወዳጆቹ ጋር ሲሆን አፉ አይዘጋም፤ ሰው የተሰበሰበበት መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ጥቂት ሌክቸር ሰጥቶ ማስተማሩን ተወው፤ ፕሮፌሰርነቱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ። በሮያል ኢንስቲትዩሽን ግኝቶቹን ለሕዝብ የሚያቀርብለት ወዳጁ ማይክል ፋራዴይ ነበር። ከመምህራኖቻችን መካከል ይህን ሲያነቡ ፈገግ የሚሉ እንደሚኖሩ እገምታለሁ።

አፉ ባይታዘዝለትም ዓይኑ ግን ስል ነበር። ሰው በዓይኑ ሊይዘው የማይችለውን ነገር የሚይዝ መሣሪያ መሥራት ይወድ ነበር። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ምን ያህል ይፈጥናል ብሎ ጠየቀና በሰከንድ 800 ጊዜ የሚሽከረከር መስታወት ሠራ። ከሽቦው ጫፎችና ከመሀሉ የሚፈነጠቁትን ብልጭታዎች በመስታወቱ ተመለከተ፤ የመሀሉ ትንሽ ዘግይቶ፣ ከሌሎቹ ዝንፍ ብሎ ታየ። ያወጣው ቁጥር ከብርሃን ፍጥነት የበለጠ ስለነበር የተሳሳተ ነው። ዘዴው ግን ትክክል ነበር፤ ኋላ ፈረንሳዮች የብርሃንን ፍጥነት ለመለካት የተጠቀሙት በሚሽከረከር መስታወት ነው። በ1835 ደግሞ ከተለያዩ ብረታ ብረቶች የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ በፕሪዝም መረመረ። እያንዳንዱ የራሱ የብርሃን መስመሮች እንዳሉትና በእነሱ ሊለይ እንደሚችል አሳየ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስቲ አሁን፣ መጽሔቱን እንደያዛችሁ፣ አንድ ጣታችሁን ከአፍንጫችሁ ፊት አቁሙ። አንዱን ዓይን ጨፍኑ፣ ከዚያ ቀይሩ። ጣቱ ዘለለ አይደል? ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚራራቁ የሚያዩት ምስል አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት ሲታወቅ የኖረ ነው። ዊትስቶን ያመጣው አዲስ ነገር ልዩነቱ እንከን ሳይሆን የጥልቀት ስሜታችን ምንጭ መሆኑን በሙከራ ማሳየቱ ነው። አእምሮ ሁለቱን ጠፍጣፋ ምስሎች አጋጥሞ አንድ ድፍን አካል ይሠራል።

መሣሪያው ቀላል ነበር። ሁለት መስታወቶች በዘጠና ዲግሪ ተጋጥመው ከአፍንጫ ፊት ይቆማሉ። በግራና በቀኝ ሁለት ሥዕሎች ይደረጋሉ፤ አንዱ የግራ ዓይን የሚያየው፣ አንዱ የቀኝ። ተመልካቹ መስታወቶቹን ሲያይ ሥዕሎቹ ይጋጠሙና ሣጥኑ ከወረቀቱ ወጥቶ አየር ላይ ይቆማል። ስሙን ስቴሪዮስኮፕ አለው። ጽሑፉን ለሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው በ1838፣ የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም ይፋ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹ በመስመር ብቻ የተሳሉ ነበሩ፤ ጥላ እንኳ አልነበራቸውም። ይህም ጠቀመው፤ ጥልቀቱን ያመጣው ጥላው ነው የሚል ተከራካሪ መውጫ አጣ።

እኔ ከዚህ መሣሪያ ጋር የተገናኘሁት ተመርቄ የመንገድ ቅየሳ ሥራ ስጀምር ነው። ከአውሮፕላን የተነሡ፣ ጎንና ጎናቸው 23 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ፎቶግራፎች ይሰጡናል። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር 60 በመቶ ያህል ይደራረባል፤ ያው አንድ መሬት ከሁለት ቦታ የታየ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ዓይኖቹን በኪሎ ሜትር አራርቆ እንደ ማየት ነው። ፎቶዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ የሚታዩት መስታወት ባለው ስቴሪዮስኮፕ ነው፤ ሁለት መስታወት ተጨምሮበት እንጂ አሠራሩ የዊትስቶን ነው።

የመጀመሪያ ቀን አጎንብሼ ሳይ ወንዙ በተራራው ጫፍ ላይ ይሄዳል፤ ሸለቆው ጉብታ ሆኗል። ደነገጥኩ። ከጎኔ የነበሩት አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ሰደው የግራውን ፎቶ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አደረጉት። መሬቱ ተገለበጠና ገደሉ ከእግሬ ሥር ተከፈተ። ወንበሩን ጨብጬ እንደያዝኩ ትዝ ይለኛል።

ይህንንም ዊትስቶን አውቆት ኖሯል። በ1852 የሁለቱን ዓይኖች እይታ በፕሪዝም የሚያዘዋውር ሱዶስኮፕ የሚባል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በእሱ ሲታይ የስኒ ውስጥ ወደ ውጭ ያበጠ ይመስላል፣ እብጠት ጉድጓድ ይሆናል። ዓይን የሚያየውን ሳይሆን የቀረበለትን እንደሚያምን ለማሳየት ነው።

የሰውየው ስም ግን ከመሣሪያው ጋር ብዙ አልቆየም። በ1849 የስኮትላንዱ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር በመስታወት ፈንታ ሌንስ ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ስቴሪዮስኮፕ ይዞ መጣ። ፓሪስ ውስጥ ተሠርቶ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ታየ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው ሲባል በየቤቱ ገባ። ሕዝቡ ስቴሪዮስኮፕ ሲባል የሚያስበው የብሩስተርን ሆነ። ይህ ባልከፋ፤ መሣሪያው ጥሩ ነበርና። የከፋው ብሩስተር ሐሳቡን ከዊትስቶን በፊት ሌላ ሰው አስቦት ነበር እያለ መጻፉ ነው። በ1856 ሁለቱ በታይምስ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ተማዘዙ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን፤ ግን ዝም ያለ ሰው ስሙ እንደሚወሰድበትም ማወቅ ያስፈልጋል። በመድረክ መናገር የማይሆንለት ዊትስቶን በብዕሩ ተከራከረ፤ የ1838ቱ ጽሑፍም በሰነድ ተቀምጦ ስለነበር የመጀመሪያነቱ ዛሬ ተቀባይነት አለው።

አሁን ወደ ብሪጁ እንመለስ። በ1843 ዊትስቶን ስለ ኤሌክትሪክ ልኬት ረጅም ሌክቸር ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ ያ የአልማዝ ቅርጽ ዑደት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ዑደቱን ቀድሞ የገለጸው ሳሙኤል ሀንተር ክሪስቲ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። ክሪስቲ በ1833 ጽፎት ነበር፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ዊትስቶን ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን የክሪስቲን ለክሪስቲ ሰጠ። ስሙን ለብሪጁ ያወጣነው እኛ ነን።

መልአክ ነበር ልላችሁ አይደለም። ከዊልያም ኩክ ጋር በ1837 የቴሌግራፍ ፓተንት አውጥተው፣ ብዙም ሳይቆዩ ይበልጥ የሠራው ማን ነው በሚል ተጣሉ። ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀረበ፤ በ1841 ሽማግሌዎቹ ቴሌግራፉን በተግባር ያስገባው ኩክ፣ በሳይንሱ መንገዱን የጠረገው ዊትስቶን ነው ብለው ለሁለቱም ድርሻ ሰጡ። ጠቡ ግን በዚያ አላበቃም። የራሱን ድርሻ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ለእኔ የክሪስቲን ነገር የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ የስም ነገር ግድ የማይሰጠው ሰው አልነበረም። የሚገርመው፣ በ1854 የፈለሰፈው የምሥጢር ጽሑፍ ዘዴ ደግሞ ዛሬ የሚጠራው ባስተዋወቀለት በወዳጁ በፕሌይፌር ስም ነው።

በ1868 የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። በ1875 ለሥራ ፓሪስ ሄዶ ሳለ ታመመና እዚያው አረፈ፤ አስከሬኑ ለንደን ውስጥ ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩ አሁን ልናገር። እነዚያ አዛውንት ቴክኒሻን ከዓመታት በኋላ አንድ የመንገድ መስመር አብረን ስናይ ፎቶው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። እኔ ያየሁት ለመንገድ የተመቸ ለጥ ያለ ተዳፋት ነበር። እሳቸው ያዩት ከላይ እንደ ጨረቃ ግማሽ የተቆረሰ አፋፍ፣ ከታች ደግሞ ተንሸራትቶ የተከመረ አፈር ነው፤ የድሮ የመሬት መንሸራተት። ሄደን ስናየው እንዳሉት ሆነ፤ መስመሩም ተቀየረ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦታውን የለየሁትም እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ምስጋናው መጣ፣ ተቀበልኩ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ሻይ አብረን ጠጣን።

የክሪስቲን ታሪክ ያነበብኩ ዕለት ያ ሪፖርት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ለዚህ መጽሔት ጻፍ ስባል ይህን ሳልናገር ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። ባለፈው ፋሲካ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ቦታውን ደኅና አድርገው አስታወሱት፤ ሪፖርቱን ግን ከነጭራሹ አያውቁትም ኖሯል። ብቻ የጠየቁኝ መንገዱ አሁንም ደኅና ቆሟል ወይ ብለው ነው። ቆሟል አልኳቸው። ስማቸውን እዚህ ላውጣው ስላቸው እምቢ አሉ፤ ስለዚህ አላወጣሁም። ለቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ግን ቦታውን የለዩት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከነሙሉ ስማቸው፣ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝ ጽፌ አስገብቻለሁ። ሃያ ዓመት ዘግይቷል።

መምህራኖቻችን ዛሬም ብሪጁን ታስተምራላችሁ። መርፌው ዜሮ ላይ ሲቆም፣ ተማሪዎቹ ሪፖርታቸውን ከመጻፋቸው በፊት፣ የክሪስቲን ስም አንድ ጊዜ ጥሩላቸው። ለእኛ አልተነገረንም ነበር። በመገናኛው ቀን ያገናኘን።